ጋንቾው ጂንካ ላይ ይታሰር

እስቲ አንድ ሃርድቶፕ በሐሳባችሁ ያዙልኝ። ነጭ ነው፣ እንደ አብዛኞቹ። ከኋላ በበረዶ የታሸጉ የክትባት ሣጥኖች ተጭነውበታል። ጣሪያው ላይ ትርፍ ጎማና የናፍጣ ጀሪካን ታስሯል። ከፊት ሹፌሩና አንዲት ነርስ፣ ከኋላ ረዳቱና አስተርጓሚው ተቀምጠዋል። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ ጂንካ ሌሊቱን ሲዘንብባት አድሮ ጠዋት ፀሐይ ወጥታለች። መንገዱ ወደ ማጎ ነው።

የሰሜን ሰው ክረምት ሲባል ሐምሌና ነሐሴ ትዝ ይለዋል። ደቡብ ኦሞ ሌላ ነው። እዚህ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይወርድና ይሄዳል፣ ከዚያ በጥቅምትና በኅዳር ዞሮ ይመጣል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወርዶ «ገና በጋ ነው» ብሎ የሚነሣ እንግዳ ሹፌር ጭቃውን የሚያገኘው ባላሰበበት ወር ነው።

ጂንካ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ ተነሥታችሁ በአሪዎች የእንሰትና የበቆሎ ማሳ መሃል አልፋችሁ ቁልቁለቱን ስትያያዙት አየሩ እየሞቀ፣ ዛፉ እያጠረ፣ እሾሁ እየበዛ ይመጣል። ታች ስትደርሱ ከ500 ሜትር በታች ናችሁ፤ የማጎ ብሔራዊ ፓርክ ሜዳ ነው። የገንዲ ዝንብ በመስኮት ይገባል። ጂንካ ላይ የዘነበው ውሃም ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ የነሪ ወንዝ ተሸክሞት ወደ ማጎ ወንዝ ያወርደዋል፣ ማጎም ወደ ኦሞ ይገባል። መኪናችንና ውሃው ወደ አንድ አቅጣጫ እየወረዱ ነው።

አስፋልቱ ጂንካ ድረስ መጥቷል፤ ወደ ሃና የሚወስደው ዋና መንገድም እንደ ድሮው አይደለም። ነገር ግን ክትባት የሚጠብቁት ሕፃናት ዋናው መንገድ ዳር አልሰፈሩም። የሙርሲ መንደር ከብቱና ሣሩ ባሉበት ነው። እናም ሹፌራችን አንድ ቦታ ላይ መሪውን አዙሮ ከጠጠሩ ይወርዳል፤ ፊት ለፊቱ ሁለት የጎማ ፈለግ ብቻ የሚታይበት ጥቁር መሬት ይጠብቀዋል።

ዋልካ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚሰነጠቀው፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ውሃውን ጠጥቶ የሚያብጠው ጥቁር አፈር። ከላይ ሲታይ የደረቀ ይመስላል፤ አንድ ጣት ከታች ሳሙና ነው። ጎማው መጀመሪያ ጭቃውን ይለብስና ጥርሱ ይደፈናል። ጥርስ የሌለው ጎማ ደግሞ መሽከርከር እንጂ መሄድ አይችልም፤ ባለበት እየዞረ ጉድጓዱን ለራሱ ይቆፍራል። ሹፌሩ ፎር ዊል ያስገባል፣ ነዳጅ ይሰጣል፣ መኪናው ይጮኻል፣ ትንሽ ቆይቶም ዲፈረንሻሉ መሬት ላይ ይቀመጣል። ከዚህ በኋላ አራቱም ጎማ ቢዞር ለውጥ የለውም። መኪናው በሆዱ ተኝቷል።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ የጭቃው ታሪክ እዚህ አበቃ። ጭቃ ያልያዘው ሹፌር ደቡብ ኦሞ ውስጥ የለም፤ መያዙ አያስወቅስም። እኔ ልነግራችሁ የተነሣሁት ከዚህ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው።

ሰው ይመጣል። ይህ የዚህ አገር ወግ ነው። ሰው የማይታይበት ሜዳ ላይ ሞተር ሲጮህ ከየት እንደወጡ ሳይታወቅ መጀመሪያ ልጆች፣ ቀጥሎ ከብት የሚጠብቁ ወጣቶች፣ ቀጥሎ ውሃ ወይም እንጨት የያዙ ሴቶች ይሰበሰባሉ። ወጣቶቹ በትራቸውን ያስቀምጡና ትከሻቸውን ይሰጣሉ። ጭቃ በእጃቸው ይዝቃሉ፣ ቅርንጫፍ ቆርጠው ጎማ ስር ይከታሉ። ከዚያ በዋናው መንገድ የሚያልፍ አንድ አይሱዙ ይገኛል፤ ሹፌሩ ይለመናል፣ ደረቁን ጠርዝ ይዞ ይጠጋል፣ ካቦ ይወረውራል። ረዳቱ የካቦውን ጫፍ ይዞ ሃርድቶፑ ፊት ተንበርክኮ ይጠይቃል።

«የት ልሰረው?»

ይህን ጥያቄ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ መጠየቅ አይገባም ነበር። ጂንካ ላይ፣ ደረቅ ሲሚንቶ ላይ፣ በቀን ብርሃን መመለስ የነበረበት ጥያቄ ነው። አሁን ግን ረዳቱ ክንዱን እስከ ትከሻው ከፓራውልቱ ስር አስገብቶ በዳበሳ ብረት ይፈልጋል። እጁ የሚያገኘውን አንድ በአንድ እንየው።

መጀመሪያ ፓራውልቱን ያገኛል። ፓራውልት ለግጭት የተሠራ ቀጭን ብረት ነው፤ ሰው በገፋው ጊዜ ይችላል፣ በተጎተተ ጊዜ ከነማሰሪያው ይነቀላል። ቀጥሎ ባሌስትራውን ወይም አክስሉን ያገኛል። ይህ ጠንካራ ይመስላል፤ ችግሩ ካቦው የፍሬን ቱቦውንና የመሪ ዘንጉን እየፈተገ መወጠሩ ነው። ከጭቃው ወጥቶ ፍሬን የሌለው መኪና ቁልቁለት ሲጠብቀው አስቡት። ቀጥሎ ከስር አንድ ትንሽ ቀለበት ትገኛለች። ይህችን ብዙ ሰው «የፋብሪካ ጋንቾ» ይላታል፤ ጋንቾ ማለት መኪና ሲጎተት ካቦ የሚታሰርበት ብረት ነው። በብዙ መኪና ላይ ግን የዚህች ቀለበት ሥራ መኪናው በመርከብ ሲመጣ ከወለሉ ጋር ታስሮ እንዳይንሸራተት መያዝ ነው። ጅቡቲ ወደብ ሲደርስ ሥራዋን ጨርሳለች። እውነተኛ የፋብሪካ ጋንቾ ያላቸው መኪኖችም አሉ፤ እሱ ወፍራም ሆኖ በትላልቅ ብሎን ከሻንሲው ጋር የተያያዘ ነው፤ ከመኪናው ጋር የመጣው መጽሐፍም የትኛው የመጎተቻ፣ የትኛው የማሰሪያ እንደሆነ በሥዕል ያሳያል። መጽሐፉ ብዙ ጊዜ ከነላስቲኩ ዳሽቦርድ ውስጥ ይገኛል፤ አውጥቶ ማየት ነው።

ከኋላ ደግሞ ተሳቢ የሚያያዝበት የብረት ኳስ ያለው መኪና ይኖራል። ካቦ ማጥለቅ ስለሚመች ሁሉም ሰው እሱን ይመርጣል። እባካችሁ እሱን አትንኩት። ኳሱ ተሳቢን በዝግታ ለመሳብ እንጂ ጭቃ የያዘውን መኪና በድንገተኛ ጉተታ ለመንቀል አልተሠራም። አንገቱ ላይ ሲበጠስ ያ ኪሎ ያህል ብረት በተወጠረው ገመድ ኃይል ወደ ጎታቹ መኪና ይወረወራል። እንደኛው ሃርድቶፕ በሚነዳበት በአውስትራሊያ በዚህ ኳስ ምክንያት ሰው ሞቷል፤ መስታወት በስቶ ገብቶ።

አሁን ወደ ሜዳችን ተመለሱና ዙሪያውን እዩ። ካቦው አጠገብ ማን ቆሟል? ልጆቹ። ወጣቶቹ። ያቺ እንጨት የያዘች ሴት። ሹፌሩ በብረትና በመስታወት ውስጥ ነው፤ ያለ ምንም ከለላ የቆሙት ሊረዱት የመጡት ናቸው። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ይህ ነው። ስለ ጋንቾ ሲወራ ሁሌም ስለ መኪናው ይወራል፤ ጋንቾ ግን በመጀመሪያ የነዚህ ሰዎች ጉዳይ ነው። መኪናው ጭቃ ውስጥ ቢያድር ነገ ይወጣል።

ኃይሉ ምን ያህል እንደሆነ እንነጋገር፤ ቁጥር ሳይያዝ ብረት አይመረጥም። ሃርድቶፑ እስከ ጥግ ሲጫን ሦስት ቶን ያልፋል። በዚህ ሥራ የቆዩ ሰዎች የሚሠሩበት ግምት እንዲህ ነው፤ ጎማው ብቻ ከሰጠመ ለማውጣት የመኪናውን ክብደት ያህል ኃይል ይጠይቃል፣ እስከ ጎማው እምብርት ከገባ እጥፉን፣ አካሉ ጭቃው ላይ ከተኛ ሦስት እጥፉን። የእኛው ሆዱ መሬት ነክቷል። በዝግታ ቢጎተት እንኳ ከዘጠኝ ቶን በላይ ልንጠራ ነው። አይሱዙው ካቦውን ላላ አድርጎ ተንደርድሮ ቢስበው ደግሞ ሒሳቡ ይለወጣል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የጉተታው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ የብረት ካቦ ደግሞ አይለጠጥም፣ ጉልበቱን ሁሉ በአንድ ቅጽበት ለጋንቾው ያስረክባል። «ኧረ ትንሽ ፍጥነት ጨምር!» እያለ ከዳር የሚጮኸው ሰው የሚጠይቀው ይህንን ነው።

ስለዚህ መኪናችንን ለአፍታ ከጭቃው አውጥተን በሐሳብ ወደ ጂንካ እንመልሰው። ጋራዥ ውስጥ ገብቷል፤ ከፊት በክሪክ ተነሥቷል። መካኒኩ ከስሩ ተኝቶ ሻንሲውን በብሩሽ ይጠርጋል። ሻንሲ ማለት ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጉት ሁለቱ ወፋፍራም ብረቶች ናቸው፤ መኪናውን ሁሉ የተሸከሙት እነሱ ናቸው፤ መጎተትም ያለበት በነሱ ነው። ጫፋቸው ላይ ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ራሱ የተወው የብሎን ቀዳዳ ይገኛል። ጋንቾ የሚሰካው መጀመሪያ እዚያ ነው።

የሚሰካው ጋንቾ ቢያንስ አሥር ሚሊ ውፍረት ያለው ብረት ይሁን፤ የሚሸከመው ቶን ተጽፎበት የተሸጠ ከሆነ የተሻለ ነው። ከሱ በላይ ግን ብሎኑን እዩልኝ። አሥራ ሁለት ሚሊ ብሎን ሁሉ አንድ አይደለም። ራሱ ላይ ቁጥር አለ፤ 8.8 ወይም 10.9 ተብሎ የተቀረጸ። 10.9 የተጻፈበት አሥራ ሁለት ሚሊ ብሎን በርዝመቱ ቢሳብ የሚበጠሰው ስምንት ቶን ተኩል ገደማ ላይ ነው፤ 8.8 ሰባት ቶን ሳይሞላ ይሄዳል። 4.6 የሚባለው ተራው ብሎን ሦስት ቶን ተኩል እንኳ አይደርስም። ብሎን በጎኑ ሲቆረጥ ደግሞ ከነዚህ ሁሉ ቁጥሮች ስድስት አሥረኛውን ያህል ብቻ ነው የሚችለው፤ ጋንቾ ላይ ያለ ብሎን አብዛኛውን ጊዜ የሚጫነው በጎኑ ነው። ሦስቱም ብሎኖች ሱቅ መደርደሪያ ላይ አንድ ዓይነት ያበራሉ። ራሱ ላይ ምንም ያልተጻፈበትን ለበር ማጠፊያ ተዉት። ለጋንቾ ሁለትና ከዚያ በላይ ብሎን የሚደረገውም በከንቱ አይደለም፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

የፋብሪካ ቀዳዳ ከሌለና ሻንሲው መበሳት ካለበት ሥራው ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሚበሳው ጎኑ ነው፤ ላይኛውና ታችኛው ፊት ሸክሙ የሚያጥፈው ክፍል ስለሆነ አይነካም። ሻንሲው ውስጡ ክፍት ነው። መካኒኩ በትራፓኖ ከወዲህ ወዲያ አሳልፎ በስቶ ብሎኑን ዝም ብሎ ቢያጠብቀው ሁለቱ ግድግዳዎች ወደ ውስጥ ይሰረጉዳሉ፤ ብሎኑ ዛሬ የጠበቀ መስሎ ነገ ይላላል። ስለዚህ በቀዳዳው ውስጥ የሻንሲውን ስፋት ልክ የተቆረጠ ወፍራም ቱቦ ይገባል፣ ብሎኑ በቱቦው መሃል ያልፋል። ከኋላው በሮንዴላ ፈንታ ሰፊ ድፍን ብረት ይደረጋል፣ ከዚያ ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ። የተበሳው ጠርዝ ቀለም ይቀባል፤ ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው።

ብየዳስ? ብየዳ ብርቱ እጅ ካገኘ ብርቱ ነው። እኔ የምፈራው ግን ብዙ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራውን አንድ ነገር ነው። ፌሮ ብረት በግማሽ ክብ ይታጠፍና ሁለቱ ጫፎች ከፓራውልቱ ጋር ይበየዳሉ፤ ጥቁር ቀለም ይቀባል፤ ጋንቾ ተባለ። ወይም የተሰበረ ባሌስትራ ተቆርጦ፣ «ከዚህ የበለጠ ጠንካራ ብረት የት አለ» ተብሎ ሻንሲ ላይ ይለጠፋል። እውነት ነው፣ ባሌስትራ ብርቱ ብረት ነው። አንጥረኞች የሚወዱት በከንቱ አይደለም፤ ያረጀ ባሌስትራ በእሳትና በመዶሻ መጥረቢያና ቢላዋ ይወጣዋል። ነገር ግን አንጥረኛው ብረቱን ቀስ ብሎ ያግላል፣ መቼ ማቀዝቀዝ እንዳለበትም ያውቃል። በኤሌክትሮድ ድንገት ተግሎ ድንገት የቀዘቀዘ ባሌስትራ ከብየዳው ጠርዝ ጋር ተያይዞ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በቀለም ስር አይታይም። የሚታየው ካቦው በተወጠረ ቀን ነው። ስለዚህ ባሌስትራ ለአንጥረኛው ይሁን፤ መጎተቻው በብሎን ይታሰር።

ከፊት አንድ ሳይሆን ሁለት ጋንቾ፣ በሁለቱም የሻንሲ ጫፍ። አንዱ ብቻ ሲሳብ ሻንሲው ይጠማዘዛል፤ መኪናውም ወደ ጎን እየዞረ ጭቃውን በትከሻው ይገፋል። ሁለቱን የሚያገናኝ አጭር ቀበቶ ይደረግና ዋናው ገመድ በመሃሉ ይያዛል። እዚህ ላይ የቀበቶው ማጠር ያታልላል። ሁለቱ ክንዶች መሃል ያለው ማዕዘን 60 ዲግሪ ከሆነ እያንዳንዱ ጋንቾ ከጠቅላላው ኃይል 58 በመቶ ይሸከማል። ቀበቶው አጥሮ ማዕዘኑ 120 ዲግሪ ሲደርስ ግን እያንዳንዱ ሙሉውን ኃይል ይሸከማል። ሁለት ጋንቾ ተክላችሁ በአጭር ቀበቶ ጥቅሙን ልታጡት ትችላላችሁ፤ ስለዚህ ረዘም ያለውን ግዙ። ከኋላም እንዲሁ ይደረግ፤ ወደ መጣበት አቅጣጫ የሚጎተት መኪና ይበዛልና።

ለነርሷ መሥሪያ ቤትና ለመሰሎቹ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። መኪና ሲገዛ ስለ ሬዲዮውና ስለ መቀመጫው ጨርቅ ይጻፋል። ወደ ሳላማጎ፣ ወደ ዳሰነች፣ ወደ ኛንጋቶም የሚላክ መኪና ግን ከፊትና ከኋላ ጋንቾ፣ አንድ የሚለጠጥ የናይለን መጎተቻ ገመድና ሸክሙ የተጻፈባቸው ሼክሎች ይዞ እንዲሰጥ በግዢው ወረቀት ላይ ይጻፍ። 4.75 ቶን ተብሎ የተቀረጸበት ሼክል ገመዱን ከጋንቾው ጋር የሚያያይዝ፣ በመዳፍ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ብረት ነው። ሹፌሩ ከኪሱ እንዲገዛው መተው ነውር ነው።

ጉዳዩ የጭቃ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከማጎ ወጥታችሁ ወደ ሐመር፣ ወደ ቱርሚ ብትሄዱ ደግሞ አሸዋ ይጠብቃችኋል። እንደ ካስኬ ያሉት ወንዞች አብዛኛውን ዓመት ውሃ የላቸውም፤ ሰፊ አሸዋ ናቸው፤ ሴቶች ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ የሚቀዱባቸው። መኪና እዚያ ሲቀበር ከጭቃው ይቀላል፤ የጎማውን ነፋስ መቀነስና ፊቱን መጥረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ግን ጊዜው የሚጣደፈው እዚህ ነው። በላይኛው ተራራ የዘነበ ዝናብ፣ እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጠርቶ እያለ፣ በአሸዋው ላይ ግድግዳ ሆኖ ይመጣል። የዚህ አገር ውሃ ምን እንደሚያደርግ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ታይቷል፤ ኦሞ ወንዝ ዳሰነች ላይ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰዎችን ወስዷል። ወንዝ ውስጥ የቆመ መኪና ካቦ የሚታሰርበት ቦታ ሲፈለግለት መዋል የለበትም። ሼክሉ ገብቶ በአንድ ደቂቃ መታሰር አለበት።

አሁን ወደ ማጎ እንመለስ። ያው ሃርድቶፕ፣ ያው ጭቃ፣ ያው ሰው። ረዳቱ ግን አሁን አይዳብስም። ከሁለቱ ጋንቾዎች ላይ በመዳፉ ጭቃውን ይጠርጋል፣ ቀበቶውን በሁለት ሼክል ያያይዛል፣ የሼክሉን ብሎን እስከ መጨረሻው ያጠብቅና ሩብ ዙር ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ያለዚያ ከተጎተተ በኋላ በጣት አይፈታም። የአይሱዙው ሹፌር የብረት ካቦውን ወደ ካሶኑ መልሶ የናይለኑን ገመድ ይቀበላል። ነርሷ ከመኪናው ወርዳለች። አስተርጓሚው ለሰዉ ይናገራል፤ ጮክ ብሎ፣ አክብሮ፤ ሽማግሌዎቹን አስቀድሞ። ከገመዱ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ርቃችሁ ቁሙ፤ በገመዱ መስመር ላይ ማንም አይቁም፤ ልጆቹን ያዙልን። አንድ ሽማግሌ ሰምቶ ልጆቹን በበትሩ ወደ ግራሩ ጥላ ይነዳቸዋል። ገመዱ መሃል ላይ አሮጌ ጋቢ ይጣልበታል፤ ቢበጠስ ክብደቱ ወደ መሬት እንዲያወርደው።

ከመጎተቱ በፊት ወጣቶቹ ከዲፈረንሻሉ ስርና ከጎማዎቹ ፊት ጭቃውን ዝቀዋል። ይህ ግማሽ ሰዓት የፈጀ ሥራ ከሚፈለገው ኃይል ብዙ ቀንሷል። አይሱዙው ገመዱ እስኪወጠር በቀስታ ይሄዳል፣ ከዚያ ሳይጣደፍ ይስባል። ሃርድቶፑም በዝቅተኛ ማርሽ ጎማውን በእርጋታ ያዞራል። ገመዱ ይለጠጣል፤ ለአፍታ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ከዚያ ጭቃው አየር ስቦ ይለቃል፤ መኪናው ወደ ደረቁ ይወጣል።

ሹፌሩ ወዲያው አይነዳም። ሰዉን ያመሰግናል፤ ለትከሻቸው የሚገባቸውን ይከፍላል፤ ከፊት ለፊት ተንበርክኮ ብሎኖቹን በቁልፍ ይሞክራል። የላላ ካለ ያጠብቃል፤ የታጠፈ ሼክል ካለ ለሌላ ጊዜ ሳያስቀምጥ ይጥለዋል። ገመዱን ደግሞ ማታ ሃና ሲደርስ በንጹሕ ውሃ አጥቦ በጥላ ያሰጣዋል፤ የዋልካው አፈር በክሮቹ መሃል ደርቆ ከቀረ በሚቀጥለው ስበት ከውስጥ ይቆርጠዋል።